ሶፍያ የዘለለችው ምዕራፍ

የሚያስቅ የልጆች መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች አንድ ክፉ አመል አላቸው። ልጁን ሲያስቁት ሲያስቁት ይቆዩና፣ ገና የሳቁን እንባ ሳይጠርግ አንድ የሚወደውን ይገድሉበታል። ብዙ ጊዜ ሰው አይደለም፤ አሮጌ ውሻ ነው፣ ወይም በቅሎ። ልጁ ያለቅሳል። በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀልዱ ይቀጥላል። ሶፍያ ዓባይነህ ይህን አመላቸውን ያወቀችው በስምንት ዓመቷ፣ ኦክላንድ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤቷ ላይብረሪ ባወጣችው መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ ስለ አንዲት ዝይ ነው። ዝይቱ በአንዲት ትንሽ ከተማ መስቀለኛ መንገድ ላይ ትኖራለች፤ ማንም ሳይሾማት ራሷን ትራፊክ ፖሊስ አድርጋለች። ክንፏን ስትዘረጋ መኪናው ሁሉ ቀጥ ይላል፤ ያልቆመውን ወርዶ እስኪለምናት ጠብቃ ባቱን ትነክሰዋለች። የከንቲባውን ሱሪ ቀዳለች። የቄሱን ባርኔጣ ወርሳለች። ለማንም የማትመለሰው ይህች ዝይ የምትታዘዘው ለአንድ ብቻ ነው፤ የወተት ጋሪ ለሚጎትት ዓይኑ ለጠፋ ሽማግሌ በቅሎ። ጠዋት ጠዋት ከፊቱ እየቀደመች መንገድ ታሻግረዋለች። ሶፍያ መጽሐፉን ለብቻዋ አንብባ ጨርሳው ነበር፤ እንደገና ያወጣችው አባቷን እንግሊዝኛ ለማስተማር ነው።

አባቷ ዓባይነህ አዲስ አበባ ሳለ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። አሁን መንገደኛ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ከሥራ ሲገባ፣ ገና እራት ሳይቀርብ፣ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በቀን አንድ ምዕራፍ። እሷ ታነባለች፣ እሱ ከኋላ ከኋላዋ ይደግማል፤ ገጹ ሲያልቅ ደግሞ የገባውን በአማርኛ መልሶ ይተርክላታል። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነበር። ዓባይነህ ሲተርከው ዝይቱ ሃምሳ አለቃ ትሆናለች፣ ከንቲባው ቀኛዝማች ይሆናሉ፣ የተነከሱበትም ቦታ መጽሐፉ ከሚለው ትንሽ ከፍ ይላል። ሶፍያ ከወንበሯ እስክትወድቅ ትስቃለች።

«መጽሐፉ ላይ እንደዚህ አይልም» ትለዋለች በእንግሊዝኛ።

«መጽሐፉ ረስቶት ነው» ይላታል በአማርኛ።

ይህ ሁሉ ትምህርት ለሮማነወርቅ ነበር፤ ለሶፍያ እናት። ሦስቱም ካርቱም ደርሰው የአሜሪካ ወረቀታቸው ሲያልቅ፣ የሮማነወርቅ ሳንባ ራጅ ላይ ጠባሳ ታየና፣ ሕክምናሽን ጨርሰሽ ትከተያለሽ ተባለች። «ሁላችንም ከምንቀር እናንተ ሂዱ» ያለችው ራሷ ናት። ያ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን፣ በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት፣ ቪዛዋ ወጥቷል የሚል ደብዳቤ መጥቷል። ዓባይነህ መኝታ ቤቱን ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ ከሄይዋርድ ሰፊ አልጋ አስመጥቶ፣ መጋረጃ ሰቅሎ ይጠብቃታል። «ሐኪም ቤትም ሱቅም የምታወራው በእኔ አፍ ነው፤ ታዲያ አፌ መፈታት የለበትም?» ይላል።

ማክሰኞ ዕለት ሶፍያ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እንደ ወትሮዋ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ወደሚኖሩት ወደ እትዬ ሀረገወይን ቤት ሄደች። አባቷ ከሥራ እስኪመጣ የምትቆየው እዚያ ነው። የዚያን ቀን ግን ቤቱ ውስጥ ሁለት እንግዶች አገኘች። አንደኛው የአባቷ የሥራ ባልደረባ ጋሻው ነው። ሌላው አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሳን ሆዜ የሚኖሩ መሐንዲስ። በአካባቢው ያለ ሐበሻ እርቅም ሆነ ለቅሶ ያለ እሳቸው አይሆንለትም። የእትዬ ሀረገወይን ዓይን ቀልቷል።

«ሽንኩርት ነው» አሏት ሳትጠይቃቸው። ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም።

ሶፍያ የቤት ሥራዋን ዘርግታ ጠረጴዛው ጥግ ተቀመጠች። ጋሻው በዓይኑ ወደ እሷ ጠቆመ።

«ተዋት» አሉት እትዬ ሀረገወይን። «አማርኛ አትሰማም። እኔ በአማርኛ ስጠይቃት እሷ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ።»

ይህችን ስሕተት ከእኛ በቀር ማንም አይሠራትም። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ሲመልሱልን አማርኛ ጠፋባቸው ብለን እናዝናለን እንጂ፣ ጥያቄውን ሳይሰሙ እንዴት መለሱት ብለን አንጠይቅም። የሶፍያ ጆሮ ሐበሻ፣ አፏ ፈረንጅ ነበር። ደግሞ ልጅ ናት፤ ልጅ ፊት መናገር ድሮም አንጠነቀቅም።

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም። «ከካርቱም የደወሉልኝ እሑድ ነው» አሉ። «ወባ ነው ይላሉ። ሦስት ቀን ብቻ ታማ ነው የሞተችው። ቀብሯም እዚያው ተፈጽሟል። ነፍሷን ይማር።»

«ምን ዓይነት ዕድል ነው» አሉ እትዬ ሀረገወይን። «ሮማነወርቅ ስንት ዘመን ጠብቃ፣ ቪዛው በወጣ ማግስት።»

«መቼ እናርዳው?» አሉ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ።

«ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ» አለ ጋሻው። «ቅዳሜና እሑድ ኦፍ ነው። እስከዚያ ግን ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ፍሪዌይ ላይ ነው የሚውለው። መሪ ይዞ እያለ አንድ ነገር ሆዱ ውስጥ ከገባ አለቀለት። ያ ሳንፍራንሲስኮ ያለው ታክሲ ነጂ የወንድሙን ሞት በስልክ ሰምቶ ሲወጣ የሆነውን ታውቃላችሁ። ከድልድዩ ግንብ ነው ያወጡት።»

«ለልጅቷስ?» አሉ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ።

«አባቷ ቀስ ብሎ ይነግራታል» አሉ እትዬ ሀረገወይን። «ልጅ ምን ያውቃል።»

የመርዶ ደንብ ደግ ደንብ ነው፤ አልወቅሰውም። ሰው የወዳጁን ሞት በመንገድ ላይ፣ በሥራ መሃል፣ ለብቻው እንዲሰማ አይደረግም። ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ቤቱ ይሄዳል፤ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲጮህ አብሮት የሚጮህ ሰው ከቦት ይሰማል። ለዓባይነህ ይህ ሁሉ ታሰበለት። ሶፍያ ግን መርዶዋን የሰማችው የማባዛት ሰንጠረዥ እየሞላች፣ ማንም ሳይዛት ነው።

ሰባት ሲባዛ በስምንት ላይ ነበረች። ሃምሳ ስድስት ብላ ጻፈች። ያንኑ ሃምሳ ስድስት በእርሳሷ ደጋግማ ስታደምቀው ወረቀቱ ተቀደደ። ከዚያ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ የሹራቧን እጅጌ ነከሰች። ብታለቅስ መስማቷ ይታወቃል። መስማቷ ከታወቀ አባቷ ይጠይቃታል። አባቷ ከሰማ ፍሪዌይ ላይ ይሞታል። የስምንት ዓመት ልጅ ሒሳቡን እንዲህ ሠራችው፤ እናቷ ሞታለች፣ አባቷ የሚተርፍላት እሷ እስከ ቅዳሜ ዝም ካለች ብቻ ነው። ሆድ ይፍጀው ማለት ለአዋቂም ይከብዳል። እሷ ፊቷን ታጥባ ወጥታ «ጁስ አለ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

የዚያን ዕለት ምዕራፍ ሰባት ነበር፤ ዝይቱ የእሳት አደጋ መኪና አስቁማ ደወሉ ለምን ይጮሃል ብላ የምትቆጣበት። ዓባይነህ ደስ ብሎታል። የእሳት አደጋውን አለቃ በጎጃምኛ አናገረው፣ ዝይቱን በፖሊስ ኮሌጅ አማርኛ። ሶፍያ ሳቋ አመለጣት። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? ስቃ ስቃ ስታበቃ እናቷ ትዝ አለቻትና ራሷን ጠላች። ውሻ ነኝ፣ አለች በልቧ፤ እናቷ ሞታ የሚስቅ ልጅ በዓለም ላይ ከእሷ በቀር ያለ አልመሰላትም።

ረቡዕ የባሰ መጣ። ዓባይነህ ምዕራፍ ስምንትን ካነበቡ በኋላ ቴፑን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያኔ ደብዳቤ የምንጽፍ ጥቂቶች ነበርን፤ ድምፃችንን በካሴት ቀድተን መንገደኛ ስናገኝ እንልክ ነበር።

«ጋሻው ወደ ካርቱም የሚሄድ ሰው አለ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ስጠይቀው ጠፋበት» አለ። «ግድ የለም፣ እኛ እንቅዳና ሰው አይጠፋም። በይ ለእማዬ ሰላም በያት። በአማርኛ።»

ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነ። ካሴቱ መዞር ጀመረ። ሶፍያ ካሴቱን አየችው። ለሞተ ሰው ሰላም ማለት ምን ያደርጋል ብላ አሰበች፤ ሰላም አለማለት ደግሞ አባቷን ያስጠረጥራል።

«እማዬ፣ እንደምን አለሽ» አለች። «እኔ ደኅና ነኝ። አባዬም ደኅና ነው።» ከዚያ ወዲያ አማርኛው ሳይሆን ትንፋሹ አለቀባት። አባቷ በእጁ ቀጥዪ፣ ቀጥዪ ይላታል። «ክፍልሽ ነጭ ነው» አለች በመጨረሻ።

ዓባይነህ ካሴቱን አቁሞ ግንባሯን ሳማት። «አየሽ፣ አማርኛሽ የት ሄደና» አላት። ደስ ብሎት ካሴቱን ሁለት ጊዜ መልሶ አዳመጠው፤ እሷም አብራው ሁለት ጊዜ ሰማችው።

ሐሙስ ዝናብ ጣለ። አባቷ ከሚመጣበት ሰዓት ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሶፍያ የእትዬ ሀረገወይን መስኮት ላይ ተለጥፋ በእርጥቡ መንገድ ላይ የሚያልፈውን መብራት ሁሉ ቆጠረች። ጋሻው አፉ አምልጦት ይሆን? ሰማንያ ሦስት ስትደርስ ቫኑ መጣ።

የዚያን ቀን ደግሞ ተራው የምዕራፍ ዘጠኝ ነበር። በምዕራፍ ዘጠኝ በቅሎው ይሞታል። ሶፍያ መጀመሪያ ስታነበው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አልቅሳ፣ አስተማሪዋ ሆድሽን አመመሽ ወይ ብላ ነርስ ጋ ልካታለች። አባቷ ይህን ካነበበ ሆዱ ይባባል፤ የባባ ሆድ ደግሞ ይጠረጥራል፤ ነገ ጠዋት ያን ሆድ ይዞ ፍሪዌይ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከስምንት መጨረሻ አምስት ቅጠል በአንድ ላይ ገለበጠችና ዝይቱ የከንቲባውን ሠርግ ከምትበጠብጥበት ጀመረች።

ዓባይነህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ደግሞ ቆመ። «ቆይ» አለ። «ይኼ ምዕራፍ ስንት ነው?»

«ቴን።»

«እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ከስምንት ቀጥሎ አሥር መጥቶ አያውቅም።»

«ዘጠኙ አሰልቺ ነው» አለች በእንግሊዝኛ፣ ቀና ብላ ሳታየው። እሱም ሳቀና ተዋት። ሠርጉን አንብበው ከተማውን በሙሉ አስነክሰው ጨረሱ። ዓርብ ጠዋት ግን መጽሐፉ ከጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

ዓርብ ከሰዓት ዓባይነህ ሲመጣ መጽሐፉ በብብቱ ነው። ይዟት ወደ ቤት ሄደ። ኩሽና ገብተው እንደተቀመጡ ምዕራፍ ዘጠኝን ከፈተ።

«ኤርፖርት ወረፋ እየጠበቅሁ አነበብሁት» አላት። «ለብቻዬ። ዲክሽነሪ ያየሁት ለአራት ቃል ብቻ ነው። ለምን ደበቅሽኝ?»

«ኢትስ ሳድ» አለች። «አንተ እንዳታዝን ብዬ ነው» አለች ቀጥላ፣ አሁንም በእንግሊዝኛ።

«እኔ ስንቱን ያየሁ ሰውዬ በበቅሎ ላዝን?» አለና ፊቷን አይቶ ድምፁን ለወጠ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ አልቅሻለሁ። አንዲት ሴትዮ ሻንጣዋን ይዛ መጥታ በመስኮት አጎንብሳ፣ አር ዩ ኦኬ አለችኝ። የበቅሎ ሐዘን ላይ ነኝ እንዳልላት አፈርሁ።»

«ከዚያስ ነዳህ?»

«ታዲያስ፣ ሆቴሏ አደረስኋታ።»

ሶፍያ አየችው። አልቅሶ ነድቷል፤ አልሞተም። ሦስት ቀን ሙሉ ተሸክማ የዞረችው ነገር አፏ ጫፍ ላይ መጣ። ነገር ግን ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሰዎቹ የሚመጡት ነገ ነው፤ እሷ ብትነግረውና ቢወድቅ እንዴት ትይዘዋለች? ክንዷ የክንዱን ግማሽ አያህልም። መልሳ ዋጠችው።

«ዛሬ አስተማሪው እኔ ነኝ» አለ ዓባይነህና ማንበብ ጀመረ። እንግሊዝኛው እየተደናቀፈ፣ ግን አንድ ቃል ሳይዘል። ከዚያ እንደ ልማዱ በአማርኛ ተረከላት። በዚህኛው ላይ ሃምሳ አለቃም ቀኛዝማችም አልጨመረም፤ መጽሐፉ እንዳለው ብቻ።

«አንድ ቀን ጠዋት በቅሎው አልመጣም። ወተቱ በመኪና መጣ። ዝይቱ ክንፏን ዘርግታ መኪናውን አቆመችው። ከሥሩ ገብታ ፈለገች፣ በቅሎው የለም። በኋላ በኩል ሄዳ ፈለገች፣ የለም። ሰውየው ወርዶ፣ ዛሬስ ንከሺኝ ብሎ ባቱን ሰጣት። አልነከሰችውም። ተመልሳ መንገዱ መሃል ቆመችና ክንፏን ዘረጋች። መኪናው ሁሉ ቆመ። ከንቲባው ቆሙ፣ ቄሱ ቆሙ። እስኪመሽ ማንንም አላሳለፈችም። አየሽ፣ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው፤ በየቀኑ ሲሰድቧት የነበሩት ሰዎች፣ አንዳቸውም ጡሩምባ አልነፉባትም። ሁሉም አብረዋት ቆሙ።»

ሶፍያ ያን ጊዜ አለቀሰች። እንባዋ ዱብ ዱብ ብሎ የሚቆም አልነበረም፤ ከሆዷ የሚወጣ፣ ትከሻዋን የሚያንቀጠቅጥ ለቅሶ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ማክሰኞ ያላለቀሰችውን፣ ረቡዕ ካሴቱ ፊት የዋጠችውን፣ መስኮቱ ላይ የቆጠረችውን ሁሉ በዚያ በቅሎ አሳበበችው። ለእናቷ ታለቅስ ነበር፤ አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ ለማን እንደምታለቅስ አያውቅም።

«ኧረ ልጄ፣ ኧረ ልጄ» አለና አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። ራሱም ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ፈገግ ሊል ይሞክራል። «ለበቅሎ እንዲህ ከተለቀሰ ለሰው ምን ሊቀር ነው? እማዬ ናፍቃሽ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም ናፍቃኛለች። ስትመጣ ይቺን ምዕራፍ እኔ ነኝ የማነብላት፣ እሺ?»

ሶፍያ ሸሚዙ ውስጥ ፊቷን ቀበረች። «እሺ» አለች።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሣች። ልብሷን ለበሰች፣ ጫማዋን አሰረች፣ ጸጉሯን ራሷ አበጠረች። ከዚያ አባቷን እንዳትቀሰቅሰው ቀስ እያለች የኩሽናውን አራት ወንበሮች አንድ በአንድ ወደ ሳሎን ተሸክማ በግድግዳው ጥግ ደረደረቻቸው። ሰው ብዙ እንደሚመጣ ታውቃለች። አራት ወንበር ስለማይበቃ የራሷን አልጋ ትራስና የአባቷን መሣሪያ የሚይዘውን ሳጥን ጨመረች። ሶፋው ላይ ተቀምጣ እጇን አጣምራ ጠበቀች።

በሩ ሲንኳኳ ዓባይነህ በፒጃማ ወጥቶ ከፈተ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ከፊት ናቸው፤ እትዬ ሀረገወይን ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጋሻው ወደ መሬት ያያል፤ ከኋላቸው ደረጃው ላይ ስምንት ዘጠኝ ሰው ቆሟል። በዚያ ሰዓት በዚያ አኳኋን የመጣ እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

«ማነው?» አለ ዓባይነህ። «ማን ሞተብኝ?»

«እስቲ መጀመሪያ ግባና ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉት አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ።

ዞር ሲል ወንበሮቹን አየ። ከወንበሮቹ ወዲያ ልጁን አየ፤ ለብሳ፣ ተጫምታ፣ የምትጠብቅ። ፊቱ ላይ የነበረው ጥያቄ ወደ እሷ ዞረ።

«ሶፍያ» አላት። «አንቺ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እሷ ምን ታውቃለች፣ ልጅ እኮ ናት» አሉ እትዬ ሀረገወይን።

«እማዬ ናት» አለች ሶፍያ በአማርኛ። «ማክሰኞ ነው የሰማሁት። እትዬ ሀረገወይን ቤት፣ ሲነጋገሩ።»

እትዬ ሀረገወይን አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ለዚያ የሚሆን ደንብ አልነበራቸውም። ሰዎቹ ዓባይነህ ይወድቃል ብለው ከግራና ከቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ግን በመካከላቸው አልፎ ሄዶ ልጁ ፊት ተንበረከከ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቀኖቹን እየቆጠረ ነበር።

«አራት ቀን» አለ። ከዚያ ደረቱን መታና የኦክላንድ ጎረቤት ሁሉ እስኪነቃ ጮኸ። «ልጄን። ልጄን፣ አራት ቀን ብቻዋን።»

ከላይ ፎቅ ያሉት ሰዎች ልጅቷ የሞተች መስሏቸው ሮጠው ወረዱ። ሮማነወርቅን በስሟ ጠርቶ ያለቀሳት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጎሑ ቀድዶ ቤቱ በሰው ከሞላ በኋላ፣ ሶፍያን እቅፉ ውስጥ አድርጎ። ያን ቀን ሊቀበሏት ብዙ እጆች ቢዘረጉም ለማንም አልሰጣትም።